ዶላር ይዞ የመጣና ልጅ ወልዶ የቀረ፦ የባዕድ መኖሪያ ፈቃድ ከሐዋሳ እስከ ሻሸመኔ

ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። በዚህ አጭር መንገድ አንደኛው ጫፍ፣ ሐዋሳ ላይ፣ ካፒታል ይዞ የመጣ የውጭ ዜጋ ከአንድ ግቢ ሳይወጣ የኢንቨስትመንትና የሥራ ፈቃድ ጉዳዩን እንዲጨርስ ተመቻችቶለታል። በሌላኛው ጫፍ፣ ሻሸመኔ ላይ፣ መሬት ከንጉሥ በስጦታ የተሰጣቸው ሰዎች ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ብዙዎቹ ሕጋዊ የመኖሪያ ወረቀት ሳይኖራቸው አርጅተዋል። ሁለቱም ለአገሩ ባዕድ ናቸው። የቀረው የትኛው ነው የተባለ እንደሆነ ግን መልሱ ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው ሕግ ምክንያት ነው። የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ወይም ባለይዞታ እንዲሆኑ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1388/2017 ዝቅተኛውን መግቢያ 150,000 ዶላር አድርጎታል። ክርክሩ ሁሉ ያተኮረው በቤት ዋጋ ላይ ነው፤ ይወደዳል፣ አይወደድም። ይህ ተገቢ ክርክር ነው። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ የቆየ ነው፦ ይህች አገር ባዕድን "እዚህ ኑር" የምትለው በምን ሚዛን መዝና ነው?

ከጥንት እንጀምር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገቡት ግሪኮች፣ አርመኖችና ሕንዶች የመኖሪያ ፈቃድ የሚባል ወረቀት አልያዙም። የሚያኖራቸው ሙያቸውና የንጉሡ ፊት ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በዲፕሎማቱ ስም የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት ደግሞ ነገሩን ቀየረው። የባዕድ ሰው ክስ በአገሩ ሕግ እንዲታይ፣ ቆንስሉ እንዲዳኘው በር ከፈተ፤ የጉምሩክ ቀረጥም ጣሪያ ተበጀለት። ሌሎች መንግሥታትም በዚሁ ውል ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ባዕዱ የሚኖረው በአገሩ ሌጋሲዮን ጥላ ሥር ሆነ። አስተናጋጁ አገር እንግዳውን የመክሰስ እንኳ ሙሉ ሥልጣን አልነበረውም።

በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ሲነበብ አንድ ነገር ያስገርማል። ኢትዮጵያዊ መሆን የሚፈልግ ባዕድ 5 ዓመት እንዲኖር፣ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥራ እንዲኖረውና አማርኛ እንዲያውቅ ይጠይቃል። ስለ ካፒታል መጠን የሚል የለም። ይህን የተካው የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378ም ቢሆን የ4 ዓመት ኑሮን፣ በቂ ገቢንና ከአገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባትን ነው የጠየቀው። ቋንቋና ዘመን እንጂ የዶላር ቁጥር በዜግነት ሕጋችን ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የዶላር ቁጥር የገባው በሌላ በር፣ በኢንቨስትመንት ሕግ በኩል ነው።

መሬትን በተመለከተ ግን አቋሙ ጥብቅ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 390 ንጉሠ ነገሥቱ በሚሰጡት ትእዛዝ ካልሆነ በስተቀር ማንኛውም የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም አለ። በቅን ልቦና ባለቤት ሆኖ የተገኘ እንኳ በ6 ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። ሕጉ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ለንጉሡ ሰጠ ማለት ነው።

ቁልፉም ሠርቷል። ከኢንዶኔዥያ ወደዚህ ዞሮ የመጣው የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ አቁሞ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። በ1950ዎቹ የወጡት የኢንቨስትመንት ሕጎች የግብር እፎይታ እየሰጡ የውጭ ካፒታል ጠሩ። ሐዋሳ ራሷ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ስዩም የሲዳሞ ገዥነት ዘመን ስትቆረቆር ሐይቁ ነበር፣ ታቦር ተራራ ነበር፣ ሲዳማው በከብቱና በእንሰቱ ነበር፤ ከተማው ግን ገና ነበር። በዙሪያዋና በሻሸመኔ በኩል ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ተስፋፉ።

ከዚያ 1967 መጣ። ጥር 26 ቀን 72 ድርጅቶች ተወረሱ፤ የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት። ወንጂም የመንግሥት ሆነች። በሐዋሳ ዙሪያ የነበሩ የንግድ እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተቀየሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ባለ ድርጅቱን ያስወጣው የመኖሪያ ፈቃዱ መሰረዝ አለመሆኑ ነው። የሚኖርበት ምክንያት ነው የተወሰደበት። ንብረቱ ሲሄድ እሱም ሻንጣውን አነሣ።

ከ1983 በኋላ በሩ እንደገና ሲከፈት የንጉሡን ፊት የተካው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። የ1994ቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 280 ብቻውን ለሚገባ የውጭ ባለሀብት 100,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ለሚጣመር 60,000 ዶላር ጠየቀ። የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 769 ደግሞ ወደ 200,000 እና 150,000 ከፍ አደረገው። የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1180ም በዚሁ ቀጠለ። ይህን ገንዘብ በባንክ በኩል ያስገባ ሰው የኢንቨስትመንት ፈቃድ ያገኛል፤ በፈቃዱ የመኖሪያ ወረቀት ይጠይቃል። ሥራው ከቆመና ፈቃዱ ካልታደሰ የመኖሪያው ወረቀትም መሠረት ያጣል። የ2005ቱ አዋጅ ባለሀብቱ መኖሪያ ቤት እንዲኖረውም ፈቅዷል፤ "ለኢንቨስትመንቱ አስፈላጊ" ከሆነ ንብረት ጋር አያይዞ። ቤቱ በፋብሪካው ላይ፣ ኑሮው በሥራው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይህ ሥርዓት በሐዋሳ የተፈተነውን ያህል የትም አልተፈተነም ማለት ይቻላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የአገሪቱ ትልቁ የልብስ ማምረቻ ሰፈር ነበር። የቻይናው ሲሲኢሲሲ በ9 ወር ገነባው ተባለ፤ ወጪው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። እስከ 60,000 ሰው ይቀጥራል የሚል ተስፋ ተሰጠው። ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያመርተው የአሜሪካው ፒቪኤች መሪ ሆኖ ገባ፤ የሕንድ፣ የስሪላንካ፣ የቻይና፣ የሆንግ ኮንግና የኢንዶኔዥያ ኩባንያዎች ተከተሉት። በግቢው ውስጥ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተከፈተ። አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ለአንድ ማኅተም ስንት ቢሮ እንደሚንከራተት የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ያህል የተለየ መስተንግዶ እንደነበር ይገባዋል።

ከኩባንያዎቹ ጋር ሰው መጣ። የስፌት መስመር የሚመሩ የኮሎምቦ ሰዎች፣ ጥራት የሚቆጣጠሩ ሕንዶች፣ የጨርቅ ባለሙያ ቻይናውያን። ሆቴሎች የወር ደንበኛ አገኙ፣ ግቢ ያለው ቤት ኪራይ ፈላጊው በዛ። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች ደግሞ በጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ተከራዩ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደነበር ተመዝግቧል። በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ከዚያ ያነሰ አልተገኘም።

አሁን "ኢንቨስት ያደረገው ማን ነው?" ብለን እንጠይቅ። ሼዶቹን የሠራው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ገንዘቡ የመጣው በ2007 ዓ.ም. በ1 ቢሊዮን ዶላር ከተሸጠው የዩሮ ቦንድ ነው፤ ያው በታኅሣሥ 2016 ወለዱን መክፈል ያልቻልንበት ቦንድ። ኩባንያዎቹ ማሽን አምጥተው ሼድ ተከራዩ። ከከተማው አፈር ጋር ያገናኛቸው የኪራይ ውል ብቻ ነው። ማሽን ደግሞ በኮንቴይነር እንደገባ በኮንቴይነር ይወጣል።

ወጣም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል እንደምታስወጣ በጥቅምት 2014 አስታወቀች፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮም ተፈጸመ። ፒቪኤች ግን ታኅሣሥን አልጠበቀም። በኅዳር ወር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ግብዣውን ሁሉ ያደመቀው ዋናው እንግዳ ከምረቃው ቀን ስድስት ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ሌሎች በትንሽ ትእዛዝ፣ በተቀነሰ ሠራተኛ ቆዩ፤ አንዳንዶቹም ተከተሉ። ከሥራ የወጡት ልጆች ወደ ቀበሌያቸው የተመለሱት ተመለሱ፤ ሐዋሳ የቀሩትም በየሰው ቤትና በየሆቴሉ ሥራ ፈለጉ። ባለ መኖሪያ ፈቃዶቹ ደግሞ ወደሚቀጥለው አገር አለፉ። በነሱ አይፈረድም። ውሉ የሚለው እንደዚያ ነው፤ ሥራ እስካለ ኑር፣ ሥራ ሲያልቅ ሂድ።

ፍርዱ መሆን ያለበት በውሉ ላይ ነው። አገሪቱ የመንገድ፣ የመብራት፣ የሼድና የግብር እፎይታ ወጪ ሸፍና ያገኘችው ነዋሪ፣ በዋሽንግተን አንድ ውሳኔ ሲተላለፍ የሚነሣ ሆነ። ሥርዓቱ የሚለካው ሲገባ የያዘውን ዶላር ነው። ሲወጣ ምን እንደሚያስቀር፣ ስንት ኢትዮጵያዊ የመስመር ኃላፊ አሠልጥኖ እንዳለፈ፣ ለከተማው ምን እንደተከለ የሚመዝንበት ሚዛን አልተሠራለትም። በነገራችን ላይ በሐይቁ ዳር ስማቸው ከሚጠራው ሪዞርቶች አንዱን ያቆመው ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው፤ አጎዋም ቢዘጋ፣ ጦርነትም ቢመጣ ሕንጻውን ጠቅልሎ መሄድ አይችልም።

አሁን 25 ኪሎ ሜትሩን እንሻገር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው የዓለም ሕዝቦች ምስጋና ይሆን ዘንድ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሻሸመኔ አጠገብ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ። 200 ሄክታር ያህል ነው። ስጦታው የተላለፈው በኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽን በኩል ነበር። ከካሪቢያን ደሴት ከሞንትሰራት የተነሡ ባልና ሚስት ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ነበሩ፤ ከዚያ ጃማይካውያን ራስታፈሪያን መጡ፣ ከእንግሊዝና ከሌሎች ደሴቶችም ተጨመሩ። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ይህም መሬት አልተረፈም። የንጉሥ ስጦታ ስለሆነ የተለየ ምሕረት አልተደረገለትም፤ የተረፋቸው ጥቂት ነው። ንጉሡም ወረዱ። በሕጉ አመክንዮ ከሄድን እነዚህ ሰዎች ያን ጊዜ መሄድ ነበረባቸው፤ የሚኖሩበት ምክንያት ሁሉ ተወስዶባቸዋል። የሄዱ ነበሩ፤ ሌሎች ግን ቀሩ። ደርግን በዚያው አሳለፉ፤ ከደርግ በኋላ ደግሞ አዲስ ሰው ተጨመረላቸው።

ወረቀት ግን አልነበራቸውም። ቪዛቸው ካለፈ አሠርት ዓመታት የሆናቸው፣ የተወለዱበት አገር ፓስፖርታቸው የተቃጠለበት ቀን የተረሳ ነበሩ። ልጆቻቸው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ዜግነት የሚመጣው ከአባት ወይም ከእናት እንጂ ከተወለዱበት ቦታ አይደለም። ሻሸመኔ ተወልዶ፣ ከሻሸመኔ ልጆች ጋር ኳስ ተራግጦ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተሳድቦ ያደገ ልጅ፣ ሁለቱም ወላጆቹ የውጭ ዜጋ ከሆኑ፣ በሕግ ፊት እንደ ትናንት ገቢ ቱሪስት ነው። ባንክ ደብተር ለማውጣት፣ ሕጋዊ ሥራ ለመያዝ፣ ከአገር ወጥቶ ለመመለስ ሁሉ እንቅፋት ነበረው። መንግሥት ለራስታፈሪያን ማኅበረሰብ መታወቂያ እንደሚሰጥ ያስታወቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። ያለ ቪዛ የመኖር መብት እንጂ ዜግነት አልነበረም፤ ቢሆንም ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ወረቀት የያዙት ያን ጊዜ ነው። ከስጦታው 69 ዓመት በኋላ።

ቀኑን ከሐዋሳው ጋር አስተያዩት። ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ነው፤ የሻሸመኔዎቹ መታወቂያ የተነገረው በሐምሌ 2009። አንዱ በ9 ወር ከነሙሉ መስተንግዶው ደረሰለት፣ ሌላው ዕድሜ ልኩን ጠበቀ። የሻሸመኔው ሰው ግን መጋገሪያ ከፍቷል፣ የእንግዳ ማረፊያ ሠርቷል፣ ሙዚቃ አስተምሯል፣ ቀብሩንም እዚያው አድርጓል። ይህ ኢንቨስትመንት ካልሆነ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ሕግ አውጪ ያስፈልጋል። ብቻ ከዚህ አንዱም በዶላር ሰንጠረዡ ላይ የሚሞላበት ሣጥን የለውም።

አዋጅ 1388 እንግዲህ የሚመጣው ከዚህ ታሪክ ላይ ነው። እስከዛሬ ቤት የሥራ ተከታይ ነበር፤ አሁን ቤት ራሱን ችሎ መግቢያ ሆነ። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥላል፤ ባዕዱ የሚያገኘው በላዩ ያለውን ንብረትና የመጠቀም መብቱን ነው። ከዚህ በፊት ይህን መብት ያገኘው የውጭ ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ብቻ ነበር ለማለት ይቀርባል፤ በ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ የተሰጠው ዳያስፖራ። እሱ አክስት አለው፣ የአባት ቤት አለው፣ ለሠርግና ለለቅሶ ይመጣል። ገንዘቡ ቢያልቅም የሚመለስበት ምክንያት አያልቅም። አዲሱ ገዢ ይህ የለውም።

ሌሎች አገሮች ይህን መንገድ ሄደውበታል። ፖርቱጋል በ2012 እ.ኤ.አ. የ500,000 ዩሮ ቤት ለገዛ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ባለ ፈቃዱ በዓመት በአማካይ 7 ቀን ብቻ አገሩ ውስጥ ቢታይ ይበቃል። ሊዝበን ውስጥ የቤት ዋጋና ኪራይ ነዋሪውን ሲያስጨንቅ በ2023 የቤቱን በር ዘጋችው። ስፔንም በ2025 ተከተለቻት። ቱርክ ለዜግነት 250,000 ዶላር የነበረውን በ2022 ወደ 400,000 አወጣችው። ዱባይ በ2 ሚሊዮን ድርሃም ቤት ወርቃማ ቪዛ ትሰጣለች፤ የአዲስ አበባ ባለ ሀብቶችም ወሬውን በደንብ ያውቁታል። ሕጋችን ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ ለኢትዮጵያዊ ሀብታም ፓስፖርት ከመቀየር ይልቅ የውጭ መኖሪያ ወረቀት መያዝ ይቀለዋል። ዶላሩ በየት በኩል እንደሚወጣ ለብቻው የሚጻፍ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ በሐዋሳ ሚዛን እንለካው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 150,000 ዶላር በባንክ ዋጋ 8.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። አዋጁ በጸደቀበት ክረምት ዶላር ከ130 ብር አልፎ ያው ገንዘብ ወደ 20 ሚሊዮን ተጠግቷል። ለገዢው ዋጋው አልተለወጠም፤ ለሻጩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሐይቁ ዳር ወይም ወደ ኤርፖርቱ በሚወስደው መንገድ ቤት ያለው ሰው ለማን መሸጥ እንደሚመርጥ ለመገመት ባለሙያ አያስፈልግም። በዚያው ከተማ 26 ዶላር የወር ደመወዝ ይዛ የጀመረች የፓርኩ ሠራተኛ ምንም ሳትበላ ብታጠራቅም 150,000 ዶላር ለመድረስ 480 ዓመት ይፈጅባታል።

"የውጭ ምንዛሬ ያመጣል" የሚለው መከራከሪያ ባዶ አይደለም። አገሪቱ ዶላር ትፈልጋለች፣ ጅምር ሕንጻ የያዙ አልሚዎችም ገዢ ይፈልጋሉ፤ ቤት ደግሞ እንደ ስፌት ማሽን በኮንቴይነር አይወጣም። ከዚህ አንጻር ከፓርኩ ውል ይሻላል ሊባል ይችላል። ነገር ግን ቤቱ ቀርቶ ሰውየው ላይኖር ይችላል። ፋብሪካ ቢያንስ ሰው ሳይቀጥር አይሠራም፤ ቤት ተዘግቶም ዋጋው ይጨምራል። ለሐዋሳ የከፋው ዕድል ባዕድ መጥቶ መኖሩ አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ከየአቅጣጫው የመጣውን ስታኖር ቆይታለች፤ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች በኋላም ገበያዋ በብዙ ቋንቋ ነው የሚጮኸው። የከፋው ዕድል ማታ መብራት የማይበራበት፣ ዘበኛ ብቻ የሚያድርበት የሐይቅ ዳር ሰፈር ማግኘት ነው።

ይህን መከላከል የሚቻለው በማስፈጸሚያ ደንብና መመሪያ ነው። ገዢው በዓመት ስንት ወር መኖር አለበት? ዘግቶ የሚሄድ ምን ይከፍላል? በአንድ ከተማ ከስንት ቤት በላይ አይሸጥም? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያለ 150,000 ዶላር ለ20 እና ለ30 ዓመት እዚህ የኖረ፣ ቋንቋውን የለመደ፣ ልጆች ያሳደገ ባዕድ በየትኛው መስኮት ይስተናገድ? የ1922ቱ ሕግ የሚያነሣቸው ሁለት ነገሮች፣ ዘመንና ቋንቋ፣ በአዲሱ የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ የሉም። በሻሸመኔ መታወቂያውን የተቀበሉት አዛውንት አብዛኞቹ ሁለቱንም አሟልተው ነበር፤ ሐዋሳን ለቅቀው የሄዱት ሥራ አስኪያጆች ግን ከ"አመሰግናለሁ" አልፈው እንዲያውቁ የጠየቃቸው አልነበረም።